ያልታከመ የቆየ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ይዞ ወደ ስፖርት ለመመለስ፦ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ መመሪያ

በእሑድ ጠዋት የጤና ቡድን ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚታቸው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ወለም ብሎባቸው ከሜዳ የሚወጡ ብዙዎች የመጡበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ሲደርስ አሳሽተዋል፣ በፋሻ ጠቅልለዋል፣ ሕመሙ እስኪጠፋ አርፈዋል፤ ሕመሙ በጠፋ ሳምንት ደግሞ በቀጥታ ሙሉ ጨዋታ ገብተዋል። ዕረፍት ሕመምን ያስታግሣል፣ የጠፋውን አቅም ግን አይመልስም። የቁርጭምጭሚት ጅማት ተጎድቶ ያለ ሕክምና ሲቆይ ሦስት ነገሮች ይጎድላሉ፦ መገጣጠሚያው ወደ ፊት የሚታጠፍበት ስፋት፣ የባትና የታችኛው እግር ውጪኛ ጎን ጡንቻዎች ጥንካሬ፣ እንዲሁም እግር የት እንዳረፈ ሳያዩ የማወቅ ችሎታ። ይህ መመሪያ እነዚህን ሦስቱን አስመልሶ ወደ ሩጫና ወደ ኳስ ያደርሳል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግርዎት ያለፉት ሳምንታት ብዛት ሳይሆን ከጤነኛው እግርዎ ጋር የሚነጻጸር ልኬት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ማን ነው?

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ካለብዎት ልምምዱን አይጀምሩ።

- መገጣጠሚያው በእንቅስቃሴ መሐል የሚቆለፍ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ከሆነ፤ አጥንቱን የሚሸፍነው ልም አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።
- ትንሽ በተንቀሳቀሱ ቁጥር እብጠቱ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ።
- በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን ጨርሶ ማንሣት ካልቻሉ፣ በተለይም ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በጣት ሲዳስሱ የጎደጎደ ቦታ ካገኙ።
- የእግርዎ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም የእግርዎን ፊት ወደ ላይ ማንሣት ካቃተዎት።
- ባትዎ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመዎት፣ ወይም መገጣጠሚያው ቀልቶና ሞቆ ትኩሳት ከተከተለ። እነዚህ ሁለቱ ቀጠሮ የሚጠብቁ አይደሉም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በቂርቆስም ሆነ በልደታ የሚኖሩ ከሆነ መነሻዎ በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚኬደው በሪፈር ስለሆነ፣ በተለይም በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ፣ ይህን ቅደም ተከተል መዝለል ጊዜዎን ያባክናል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «እግሬን ያመኛል» ብለው አያቁሙ፤ መጀመሪያ የተጎዱበትን ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ በግምት ስንት ጊዜ እንደከዳዎት፣ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚከዳዎትና እብጠቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይናገሩ። ኤክስሬይ ከታዘዘልዎት ቆመው የሚነሡት ቢሆን እንደሚሻል ይጠይቁ። ኤክስሬይ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ስለዚህ «ኤክስሬዩ ደህና ነው» መባልዎ ጅማቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የጅማቱን መላላት ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ተረከዝዎን ይዞ ወደ ፊት በመሳብና ሁለቱን እግሮች በማነጻጸር በእጁ ይፈትሻል። ይህ ምርመራ ካልተደረገልዎት እንዲደረግ ይጠይቁ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ማለት ግድ ይላል። በቆየ ወለምታ ላይ ወደ ቦታው የሚመለስ የወጣ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ በኃይል ማሸትም የላላ ጅማትን አያጠብቅም። ከሁሉ በላይ አደገኛው በሸንበቆ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። ታስረው ከሆነና ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የደም ዝውውር ሲቋረጥ እግር እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ይከተላል።

የሚያዘጋጁት

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የስፖርት ላስቲክ ወይም ተቆርጦ የታጠበ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ጠንካራ ወንበር፣ ትራስ። ለኋላ ደረጃዎች ደግሞ በማሰሪያ የሚጠበቅ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ይግዙ። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ለስላሳው ዓይነት ሙቀት ይሰጣል እንጂ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው።

የሕመም ደንብ

ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት። በልምምድ ጊዜ እስከ 3 ድረስ የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ ሆኖም በማግስቱ ጠዋት ከልምምዱ በፊት ወደነበረበት መመለስ አለበት። በማግስቱ የቀረ ሕመም ወይም አዲስ እብጠት ካለ የትናንቱ ልክ በዝቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ደንብ በመድኃኒት አያጭበርብሩት፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ወስደው ልምምድ ከሠሩ የሚመራዎትን ብቸኛ ምልክት አጥፍተዋል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበትና ለነፍሰ ጡር ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው አደጋ አላቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን እግሮች ይለኩ

ሁልጊዜ ጤነኛውን እግር አስቀድመው፣ በባዶ እግር፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩና ውጤቱን ይጻፉ።

1. ጉልበት ወደ ግድግዳ፦ አውራ ጣትዎን ከግድግዳ ፊት ያድርጉና ተረከዝዎ ሳይነሣ ጉልበትዎን ግድግዳውን ያስነኩ። ከተነካ እግርዎን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይውሰዱና ይድገሙ። ተረከዙ ሳይነሣ ጉልበቱ የሚነካበት የመጨረሻው ርቀት፣ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳ፣ የእርስዎ ልኬት ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ መገጣጠሚያው ታስሯል።
2. ተረከዝ ማንሣት፦ በጣት ጫፍ ግድግዳ ነክተው፣ ጉልበትዎን ሳያጥፉ፣ በአንድ እግር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መነሣት እንደሚችሉ ይቁጠሩ። ከፍታው መቀነስ ሲጀምር ቆጠራው ያበቃል።
3. በአንድ እግር መቆም፦ በክፍል ማዕዘን ውስጥ ግድግዳ ቀርበው ለ30 ሴኮንድ በዓይን እያዩ፣ ቀጥሎም ዓይን ጨፍነው ይቁሙ። ሌላኛው እግር ስንት ጊዜ ወለል እንደነካ ይመዝግቡ።
4. መዘርጋት፦ ወለል ላይ ረጅም ፕላስተር ለጥፈው በአንድ እግር ይቁሙና በሌላኛው ጣት የቻሉትን ያህል ወደ ፊት ነክተው ይመለሱ። የቆሙበት ተረከዝ ከተነሣ አይቆጠርም። ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካዩ ያ እግር ለሜዳ አልደረሰም።

ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶችዎ ተጎድተው ከነበረ የሚነጻጸር ጤነኛ እግር የለዎትም። በዚያ ጊዜ ለግድግዳው ልኬት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለተረከዝ ማንሣት 20 ጊዜ ዒላማ ያድርጉ።

ደረጃ 2፦ የመታጠፍ ስፋትን መመለስ

የግድግዳውን ልኬት ወደ ልምምድ ይለውጡት። ጉልበትዎን ወደ ግድግዳው ገፍተው 2 ሴኮንድ ይቆዩና ይመለሱ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ። ከዚያ ባትዎን አንድ ጊዜ በተዘረጋ፣ አንድ ጊዜ በታጠፈ ጉልበት ለ30 ሴኮንድ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለጥጡ። ጉልበቱ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ይሂድ፤ ወደ ውስጥ ከወደቀ የእግርዎ ቅስት ነው የሚታጠፈው፣ ቁርጭምጭሚቱ አይደለም።

የሚሰማዎትን ስሜት ቦታ ይለዩ። ከኋላ በባት በኩል የሚለጥጥ ስሜት ከሆነ ይቀጥሉ። ከፊት በኩል የሚቆነጥጥ ሕመም ከሆነ ግን አይግፉት፤ ላስቲኩን ከኋላዎ ካለ ከባድ ነገር ጋር ያስሩ፣ ሌላኛውን ጫፍ በሁለቱ ጎን ከሚወጡት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ዝቅ አድርገው በእግርዎ ፊት ለፊት ያሳልፉ፣ ወደ ፊት ተራምደው ላስቲኩ ወደ ኋላ እየሳበዎት ያንኑ የጉልበት እንቅስቃሴ ይሥሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁንጥጫው ካልቀነሰ መገጣጠሚያውን በእጁ የሚያንቀሳቅስልዎት ፊዚዮቴራፒስት ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 3ንና 4ን ከዚህ ደረጃ ጎን ለጎን መጀመር ይችላሉ። ደረጃ 5 ግን ሦስቱም ሳይታለፉ አይከፈትም።

ደረጃ 3፦ ጥንካሬ

አንድ ቀን እየዘለሉ ይሥሩ።

1. ተረከዝ ማንሣት፦ በሁለት እግር 15 ጊዜ ሦስት ዙር። ሲቀል በሁለት እግር ይነሡና በተጎዳው ብቻ ቀስ ብለው ይውረዱ። ቀጥሎ በአንድ እግር፣ ከዚያም በደረጃ ጠርዝ ላይ፣ በመጨረሻም በጀርባ ቦርሳ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይዘው ይሥሩ።
2. ወደ ውጭ መግፋት፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው ላስቲኩን በእግርዎ ፊት ላይ ያድርጉ፣ ከውስጥ በኩል ካለ የጠረጴዛ እግር ጋር ያስሩና የእግርዎን ውጪኛ ጠርዝ ወደ ውጭ ይግፉ። መመለሱ ሦስት ሴኮንድ ይፍጅ፤ 15 ጊዜ ሦስት ዙር። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የሚይዙት እነዚህ ጡንቻዎች ስለሆኑ ይህን አይዝለሉ። ጉልበትዎ ከተወዛወዘ የሚሠራው ዳሌዎ ነው፤ ጉልበትዎን በእጅዎ ይያዙት።
3. ዳሌ፦ በጎን ተኝተው የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገው ያንሡ፤ 15 ጊዜ ሦስት ዙር።

በባት ላይ የሚመጣ የጡንቻ ድካም የሚጠበቅ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ፊት ወይም ውጪኛ ጎን የሚመጣ ሕመም ግን የሕመሙ ደንብ ይመለከተዋል። ለማለፍ በተጎዳው እግር 20 ጊዜ ተረከዝ ማንሣት ወይም የጤነኛውን 90 በመቶ ማድረስ አለብዎት። ይህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢፈጅ የተለመደ ነው።

ደረጃ 4፦ ሚዛን

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ አሰልቺና ላብ የማያስወጣ ስለሆነ ስፖርት አይመስልም። ነገር ግን ጠንካራ ባት ያላቸው ሰዎች እንኳ በጠፍጣፋ መንገድ ላይ ወለም የሚላቸው በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው። ጅማትና ጡንቻ ውስጥ የእግርን አቀማመጥ ለአንጎል የሚያሳውቁ ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጉዳቱ ይህን መልእክት ያዛባዋል፤ እግር መታጠፍ ሲጀምር የውጪኛው ጎን ጡንቻ በጊዜው አይነሣም። የሚስተካከለው በመደጋገም ብቻ ነው።

በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ በባዶ እግር፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው ይሥሩ። ጣቶችዎን ወለሉ ላይ አይጨምድዱ፤ መጨምደድ ሚዛን አይደለም። እርከኖቹ እነዚህ ናቸው፤ አንዱን 30 ሴኮንድ ሳይነኩ ሦስት ጊዜ ሲቆሙ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

1. ጠንካራ ወለል ላይ በአንድ እግር መቆም።
2. ያንኑ ጭንቅላትን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ።
3. ያንኑ ዓይን ጨፍነው፣ ግድግዳ አጠገብ።
4. ኳስ ከሰው ወይም ከግድግዳ እየተቀበሉ።
5. ትራስ ላይ ቆመው 1ኛውን፣ 2ኛውንና 4ኛውን መድገም።
6. ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ሳያሳውቅ ትከሻዎን በቀስታ እየገፋዎት መቆም።

ጥርስዎን ሲፋቁ በአንድ እግር መቆም ጥሩ ልማድ ነው፤ ለ10 ደቂቃው ግን ምትክ አይሆንም። 3ኛው እርከን ላይ ሳምንታት ከተቀመጡ ተስፋ አይቁረጡ፤ ዓይንን መጨፈን ለጤነኛ ሰውም ከባድ ነው። ከጤነኛው እግርዎ ጋር ከተስተካከለ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ከርምጃ ወደ ሶምሶማ

መግቢያው፦ የደረጃ 1 ልኬቶች ሁሉ በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ መሆናቸውና 30 ደቂቃ ፈጥነው ተራምደው በማግስቱ እብጠት አለመኖሩ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በተከታታይ ያልሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሁለተኛው 2 ደቂቃ በ2 ደቂቃ፣ ሰባት ጊዜ። በሦስተኛው 4 ደቂቃ በ1 ደቂቃ፣ አምስት ጊዜ። በአራተኛው 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ። አንድ ሳምንት ከከበደዎት ያንኑ ሳምንት ይድገሙ።

የሚሮጡበት ወለል ከፍጥነቱ እኩል ወሳኝ ነው። በከተማው መሐል በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ጠፍጣፋ ስለሆኑ በማለዳ ሰው ሳይበዛባቸው ለዚህ ደረጃ ይመቻሉ፤ የጠርዙን ድንጋይ ግን ይጠንቀቁ። የጃን ሜዳ ሣር ለስላሳ ቢሆንም ጎድጓዳ ቦታ አይጠፋበትም፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጉድጓዱን ውኃ ስለሚሸፍነው ይተዉት፤ በጨለማም አይግቡበት። በኮብልስቶን ላይ አይሩጡ። ከአራት ኪሎም ሆነ ከፒያሳ ቁልቁል መውረድ ከመውጣት ይልቅ ቁርጭምጭሚትን ስለሚያስጨንቅ፣ በዚህ ደረጃ ዳገቱን ሮጠው ቁልቁለቱን ይራመዱ። መስቀል አደባባይ ላይ ሯጮች እየተመላለሱ የሚሮጡባቸው እርከኖች የሚያጓጉ ናቸው፤ ነገር ግን በየጫፉ መዞር ስላለበት ደረጃ 6 እስኪያልፉ ድረስ በታችኛው ጠፍጣፋ ወለል ይወሰኑ። የአስፋልት ዳር ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ በኩል አይሩጡ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ከቆላ የመጣም ሆነ ለዓመታት ያልሮጠ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያልቅበታል፤ የደከመ ሰው ደግሞ እግሩን በግዴለሽነት ያሳርፋል። ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ ሰዓቱ ባይሞላም ያቁሙ።

ደረጃ 6፦ መዝለልና አቅጣጫ መቀየር

ድጋፉን ከዚህ ጀምሮ ያድርጉ። በቅደም ተከተል፦ በሁለት እግር በቦታው 10 ዝላይ ሦስት ዙር፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፤ ወደ ጎን፤ ከዚያ ይህንኑ በአንድ እግር። ሲያርፉ ድምፅ አይሰማ፤ ጉልበትዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ ይሁን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይፈትሹ፦ በአንድ እግር ሦስት ተከታታይ ዝላይ ወደ ፊት ዘልለው ርቀቱን ይለኩ። በእያንዳንዱ እግር ሦስት ሙከራ አድርገው የተሻለውን ይውሰዱ። ጤነኛው እግር 4 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ከዘለለ፣ የተጎዳው ቢያንስ 4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር መድረስ አለበት፤ ይህ 90 በመቶ ነው።

ካለፉ በ8 ቁጥር ቅርጽ ይሩጡ፤ መጀመሪያ ክቡን ሰፊ አድርገው በግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ እያጠበቡና እያፈጠኑ። በመጨረሻ ጓደኛዎ ከፊትዎ ቆሞ «ቀኝ!» «ግራ!» እያለ በድንገት ያዙርዎት። አስቀድመው የሚያውቁትን መዞር መቻል ለጨዋታ አይበቃም፤ ሜዳ ላይ የሚያዞርዎት ተጋጣሚው ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ጨዋታ ወይም ወደ ውድድር

ለኳስ ተጫዋች፦ ሁለት ሳምንት ጉሽሚያ የሌለበት ልምምድ፣ ሁለት ሳምንት ጉሽሚያ ያለበት ልምምድ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ በመጨረሻ ሙሉ። 15 ደቂቃውን በጨዋታው መጀመሪያ፣ ሰውነትዎ ሞቆ ሳለ ይውሰዱ። በጤና ቡድን ውስጥ ሰው ሲጎድል «እባክህ ጨርስልን» መባል አይቀርም፤ ከጨዋታው በፊት ለአሰልጣኙ ወይም ለቡድኑ አስተባባሪ ሰዓትዎን ቁርጥ አድርገው ይንገሩ። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ጥርሱ ረጅም የሆነ ታኬታ አያድርጉ፤ ጥርሱ ሣሩን ነክሶ ሲይዝ ሰውነት ይዞራል፣ እግር ይቀራል። ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነ ጫማ ይምረጡ።

ለሯጭ፦ በኅዳር የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫን ያሰቡ ከሆነ፣ ደረጃ 1ን ከሰኔ ሳያሳልፉ ይጀምሩ። ክረምቱ ደረጃ 2፣ 3ና 4ን ቤት ውስጥ ለመሥራት የተመቸ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሶምሶማ ይጀምራሉ። በሕዝብ መሐል እግርዎን የሚያሳርፉበትን ቦታ ስለማያዩ ከመነሻው ሰልፍ ወደ ኋላ ይቁሙ።

ድጋፉን በጨዋታና በውድድር ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያድርጉ፤ የሚዛኑን ልምምድም በሳምንት ሦስት ቀን ይቀጥሉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*በማግስቱ አበጠ።* ሁለት ቀን ከዝላይና ከሩጫ ያርፉ፣ ደረጃ 2ን ብቻ ይሥሩ፣ ሲመለሱ ከነበሩበት አንድ እርከን ዝቅ ብለው ይጀምሩ።

*እንደገና ወለም አለ።* አያሹት፣ ጨዋታውንም አይጨርሱ። አራት ርምጃ መራመድ ካልቻሉ፤ ወይም በሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ላይ፣ ከጫፉ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሲጫኑት ካመመዎት፤ ወይም ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚሄደው አጥንት መነሻ ላይ፣ አለዚያም በእግር ውስጠኛ ጎን በቅስቱ አናት ላይ ባለው ጎላ ያለ አጥንት ላይ ሲጫኑት ካመመዎት፣ በዚያው ቀን ኤክስሬይ ይነሡ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በፋሻ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉ፣ ከፍ ያድርጉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉበት፤ ሕመሙ በፈቀደ ቀን ደግሞ ከደረጃ 2 ይጀምሩ። ሳምንታት ተኝቶ መጠበቅ የመጀመሪያውን ጥፋት መድገም ነው።

*ልኬቱ አልንቀሳቀስ አለ።* ሳያቋርጡ ስድስት ሳምንት ሠርተው ለውጥ ከሌለ ድግግሞሹን አይጨምሩ፤ ወደ አጥንት ሐኪም ይመለሱ። ኤምአርአይ ኤክስሬይ ያላሳየውን የጅማትና የልም አጥንት ጉዳት ሊያሳይ ይችላል። የስቴሮይድ መርፌ እንደ አቋራጭ ከቀረበልዎት ምን ላይ እንደሚወጋና ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጅማት አካባቢ ሲሰጥ ጅማቱን ሊያዳክም ይችላል።

*አቅሙ አለ፣ ፍርሃቱ አልለቀቀም።* ልኬቶቹን ሁሉ አልፈው እግርዎን ማመን ካቃተዎት፣ ወለም ያለዎትን ያንኑ እንቅስቃሴ በዝግታ፣ በድጋፍ፣ በባዶ ሜዳ ይደጋግሙ፤ ከዚያ ፍጥነት ይጨምሩ፤ ሰው የሚጨመረው በመጨረሻ ነው።

*ከሦስት ወር ትክክለኛ ልምምድ በኋላም ይከዳል።* ይህ የቀዶ ሕክምና አስተያየት የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። የላላውን ጅማት አጥብቆ የሚሰፋ ወይም በሌላ ጅማት የሚተካ ቀዶ ሕክምና አለ። የልኬት መዝገብዎን ይዘው ይቅረቡ፤ ልምምዱን በትክክል ሠርተው ውጤት እንዳላመጣ ሐኪሙ ከዚያ ያያል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሐኪሙ ሲፈቅድ ከደረጃ 2 ጀምሮ እንደገና መሥራት ስለሚኖርብዎት፣ ከመስማማትዎ በፊት የፊዚዮቴራፒ ክትትሉ የት፣ ለስንት ጊዜና በምን ወጪ እንደሚሰጥ ይጠይቁ።